የቤዝ ኮምፕረሰር ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

ኮምፕረሰር የቤዝ ጊታር ድምፅ ከአንድ ወሰን ሲያልፍ የሚጫነው፣ ማለትም የሚቀንሰው ዕቃ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በእግር የሚበራና የሚጠፋ ፔዳል ነው። ወሰኑ ስረሽሆልድ ነው፤ የመጫኑ ልክ ሬሾ። ሬሾው 4 ለ 1 ከሆነ፣ ከወሰኑ በላይ 4 ዴሲቤል ቢገባ የሚወጣው 1 ብቻ ነው። ለመጫን የሚፈጅበት ጊዜ አታክ፣ ለመልቀቅ የሚፈጅበት ሪሊስ ይባላል። ተጭኖ የቀነሰውን ድምፅ መልሶ የሚያነሳው አውትፑት ነው፤ አንዳንዱ ፔዳል ላይ ሌቭል ወይም ጌይን ተብሎ ይጻፋል። ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ ከእነዚህ አምስት ኖቦች (የሚዞሩ መቆጣጠሪያዎች) ነው የሚመጡ። የቀሩት የኤሌክትሪክና የቤዙ የራሱ ናቸው።

ምንም ከመነካካታችሁ በፊት መነሻ ልክ ያዙ፦ ሬሾ 4 ለ 1፣ አታክ 30 ሚሊ ሰከንድ፣ ሪሊስ 200 ሚሊ ሰከንድ። ስረሽሆልዱን፣ ጠንከር አድርጋችሁ ስትመቱ የመጫኛው መብራት ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል እንዲያሳይ፣ ለስለስ ስትሉ ደግሞ እንዲጠፋ አድርጉት። በመጨረሻ ፔዳሉን እያበራችሁና እያጠፋችሁ አውትፑቱን አስተካክሉ፤ በሁለቱም ድምፁ እኩል መጮህ አለበት። ይህቺን እርምጃ አትዝለሏት። ጆሮ የጮኸውን ሁሉ ያማረ ይመስለዋል፤ እኩል ሳይደረግ የተደረገ ማወዳደር ሁሉ ያሳስታል።

ፔዳሉ በራም ጠፋም ለውጥ አይሰማም

ስረሽሆልዱ ከፍ ብሎ ተቀምጧል፣ ወይም ወደ ፔዳሉ የሚገባው ድምፅ ሳስቷል። መጀመሪያ የቤዙ ቮልዩም እስከ መጨረሻው መከፈቱን እዩ። ባትሪ የሌለው ፓሲቭ ቤዝ ቮልዩሙ በግማሽ ሲሆን ወሰኑን ላይደርስ ይችላል። ከዚያ መብራቱ ብልጭ እስኪል ድረስ ስረሽሆልዱን ዝቅ አድርጉ። ስረሽሆልድ የሌለው ፔዳል ላይ ኢንፑት፣ ሰስቴይን ወይም ሴንሲቲቪቲ የተባለውን ከፍ አድርጉ፤ ሥራው ያው ነው።

ምቱ ሞተ፣ ከባንዱ ጋር ሲሆን ቤዙ ይጠፋል

በብዛት የሚያጋጥመው ይኸኛው ነው። ጣት ክሩን ሲለቀው የሚወጣው «ጠቅ» የሚል መነሻ አለ፤ የከበሮው ኪክ ሲመታ ቤዙን ከኪኩ ለይቶ የሚያሰማው እሱ ነው። አታኩ ከ5 ሚሊ ሰከንድ በታች ከሆነ ኮምፕረሰሩ ይህን መነሻ ገና ሳይወጣ ይጫነዋል። ለብቻ ሲሰማ ለስላሳና ክብ ድምፅ ነው፤ ከኪቦርድና ከጊታር ጋር ሲሆን ግን ኖታው መቼ እንደጀመረ አይታወቅም።

ለጣት አጨዋወት አታኩን ከ20 እስከ 40 ሚሊ ሰከንድ አድርጉ። ስላፕ (ክሩን በአውራ ጣት የመምታት አጨዋወት) ላይ ችግሩ ተቃራኒው ነው፤ አውራ ጣቱ ከሌላው በላይ ይዘላል፣ ስለዚህ ከ5 እስከ 10 ይሻላል። ኖቡ ወዴት ሲዞር እንደሚፈጥን ግን ከመመሪያው አረጋግጡ። 1176 በተባለው የስቱዲዮ ኮምፕረሰር ላይ አታክም ሪሊስም ወደ ቀኝ ሲዞሩ ይፈጥናሉ፤ ሌላ ዕቃ ላይ ወደ ቀኝ መዘግየት ሊሆን ይችላል። «አታኩን አዘገየሁት» ብሎ ያፈጠነ ሰው መፍትሄውን በተቃራኒ ሲፈልግ ይውላል።

እንደ ኤምኤክስአር ዳይና ኮምፕ ያሉ አውትፑትና ሴንሲቲቪቲ ብቻ ያላቸው ፔዳሎች ላይ የአታክ ኖብ የለም። እነሱ ላይ ሴንሲቲቪቲውን ቀንሱ። ብሌንድ (የተጫነውንና ያልተጫነውን ድምፅ የሚቀላቅል ኖብ) ያለው ፔዳል ከሆነ ደግሞ ያልተነካውን ድምፅ በግማሽ ቀላቅሉ፤ ምቱ በንጹሁ መስመር በኩል ተመልሶ ይመጣል።

ፈጣን ምት ላይ መጀመሪያው ኖታ ብቻ ይሰማል

ሪሊሱ ረዝሟል። ችክችካ ላይ ማስላት ይቻላል፦ በደቂቃ 120 ምት ከሆነ አንዱ ምት ግማሽ ሰከንድ ነው፤ ለሦስት ሲከፈል እያንዳንዱ ኖታ 167 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ያገኛል። ሪሊሱ 500 ከሆነ፣ ኮምፕረሰሩ የመጀመሪያውን ኖታ ለቅቆ ሳይጨርስ ሁለተኛውና ሦስተኛው ይደርሳሉ። እነሱም እንደተጫኑ ያልፋሉ፣ ዘፈኑም ውዝዋዜው ይጎድለዋል። ሪሊሱን ወደ 100 እና 150 መካከል አምጡት። መብራቱን ተመልከቱ፤ ከኖታ ኖታ ብልጭ ድርግም ካላለና በርቶ ከቀረ ገና ነው። ቀስ ባለ የትዝታ ዘፈን ላይ ግን ከ300 በላይ ቢሆን ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ረጅሙ ኖታ ሳይንቀጠቀጥ ይተኛል።

ወፍራሙ ክር ላይ ረጅም ኖታ ሲያዝ ይሻክራል

አሁን ደግሞ ሪሊሱ ከልክ በላይ ፈጥኗል። ባዶው የኢ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ይርገበገባል፤ አንዱ ዙር 24 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል ማለት ነው። በአምስት ክር ቤዝ ላይ ያለው የቢ ክር 31 ጊዜ ነው፣ ዙሩም 32 ሚሊ ሰከንድ። አታኩም ሪሊሱም ፈጥነው ሪሊሱ ከ30 እስከ 50 ሲሆን፣ ኮምፕረሰሩ ኖታውን መከተል ትቶ የእያንዳንዱን ዙር መውጣትና መውረድ ይከተላል። የሞገዱ ቅርፅ ይበላሻል፤ ጆሮ ላይ የሚደርሰው የተቀደደ ስፒከር የሚመስል ሻካራ ድምፅ ነው። ለዚህ ብለው ስፒከር የሚቀይሩ አሉ።

ባዶውን የኢ ክር ምቱና ይዛችሁ ቆዩ፤ እሱ እየጮኸ ሪሊሱን ቀስ እያላችሁ አዘግዩ። ሻካራነቱ የሚጠፋበት ቦታ ብዙውን ጊዜ ከ100 አካባቢ ጀምሮ ነው። ከዚያ ትንሽ አልፋችሁ ተዉት።

ወፍራም ኖታ ሲመታ ሁሉም ድምፅ ይሰምጣል

ወፍራም ክር ብዙ ጉልበት ስላለው ስረሽሆልዱን ቀድሞ የሚያልፈው እሱ ነው። ኮምፕረሰሩም የጣቱንም የቀጫጭኖቹን ክሮችም ድምፅ አብሮ ይጫናል። ፔዳሉ የሳይድቼይን ማጣሪያ (ኮምፕረሰሩ የሚመዝነውን ድምፅ ብቻ የሚያጣራ) ካለው 100 ኸርዝ አካባቢ አስቀምጡት፤ ኮምፕረሰሩ ሲመዝን ከዚያ በታች ያለውን ችላ ይለዋል፣ የሚወጣው ድምፅ ግን ወፍራሙን አያጣም። ማጣሪያ ከሌለ ሬሾውን ወደ 2 ለ 1 አውርዱ።

ጸጥታ ላይ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ይነሳል

አውትፑቱ 10 ዴሲቤል ካነሳ የተፈጥሮውን ጫጫታም 10 ዴሲቤል ያነሳዋል። ቤዙ ሲጮህ ይሸፈናል፤ ዝም ሲል ይጋለጣል። መጫኑን ወደ 3 ዴሲቤል ቀንሱ፤ ኦቨርድራይቭ (ድምፁን የሚያሻክር ፔዳል) ከኮምፕረሰሩ በፊት ካለ ደግሞ ከኮምፕረሰሩ በኋላ አድርጉት። ጃዝ ቤዝ የተባለውን፣ ሁለት ፒካፕ (የክሩን ርግብግብታ የሚቀበል ማግኔት) ያለውን የቤዝ ዓይነት የሚጫወት ሰው ሁለቱንም ቮልዩም እኩል ቢከፍት የፒካፖቹ ጉምጉምታ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ አንዱ ሲቀንስ ይመለሳል።

ጉምጉምታ

የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው። በኢ ክር ሦስተኛ ፍሬት (በአንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ ያለው ጂ ደግሞ 49፣ ስለዚህ ጉምጉምታው ከቤዙ ሥር ተደብቆ ድምፁን ሲያደፈርስ ይቆያል። አዳፕተሩን ነቅላችሁ በባትሪ ሞክሩ። ጉምጉምታው ከጠፋ ጥፋቱ የአዳፕተሩ ወይም ከአንድ አዳፕተር አብሮ የሚጠባው የዲጂታል ፔዳል ነው፤ ለኮምፕረሰሩ የራሱን አዳፕተር ስጡት። አብዛኞቹ ፔዳሎች 9 ቮልት፣ መሐሉ ኔጌቲቭ የሆነ አዳፕተር ይፈልጋሉ። ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ከሆነ ጀርባውን አንብቡ፦ 100-240 ካላለና 120 ብቻ ካለ፣ 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል።

ወደ ሚክሰር ስትገቡ ብቻ የሚመጣ ጉምጉምታ ከሆነ የዲአይ ቦክሱን (ቤዙን ከሚክሰሩ ጋር የሚያገናኘው ሳጥን) ግራውንድ ሊፍት፣ ማለትም የግራውንዱን መስመር የሚያቋርጠውን ማብሪያ፣ ተጫኑ። የአምፑን ሶኬት የግራውንድ እግር መቁረጥ ግን ፈጽሞ አይደረግም። አምፑ ውስጥ ብልሽት ቢፈጠር ኤሌክትሪኩ በክሩ በኩል ወደ ተጫዋቹ እጅ ይመጣል፤ ሰው ይገድላል።

ጠንከር ብሎ ሲመታ ይቀደዳል

ባትሪ ያለው አክቲቭ ቤዝ ባስና ትሬብሉ ከተጨመረ ለፔዳሉ ከአቅሙ በላይ ይልካል። የቤዙን ቮልዩም በግማሽ ቀንሱ፤ ድምፁ ከጠራ መንስኤው እሱ ነው፣ ቤዙ ላይ የጨመራችሁትን መልሱ። ካልጠራ የቤዙንም የፔዳሉንም ባትሪ ቀይሩ። 18 ቮልት መስጠት የሚቻለው ፔዳሉ ላይ ከተጻፈ ብቻ ነው።

ባትሪው በአንድ ሌሊት የሚያልቅ ከሆነ ኬብሉ ኢንፑቱ ላይ ተሰክቶ ያድራል ማለት ነው፤ ማብሪያው ቢጠፋም ኬብሉ እስካለ ድረስ ይጠባል።

ኦቶዋው መክፈት አቃተው

ኦቶዋው (ድምፁን «ዋው» የሚያሰኝ ፔዳል) የሚከፈተው በአመታት፣ ማለትም ክሩ በሚመታበት ኃይል፣ ልዩነት ነው፤ ከኮምፕረሰሩ በኋላ ከገባ ልዩነቱ ጠፍቶ ይደርሰዋል። አስቀድሙት። ኦክታቨር (በኖታው ላይ የአንድ ኦክታቭ ልዩነት ያለው ድምፅ የሚጨምር ፔዳል) ግን ከኮምፕረሰሩ በኋላ ሲሆን ኖታውን በተሻለ ይይዛል።

አንዱ ክር ብቻ ይሳሳል

ይህ የካቻቪቴ ሥራ ነው። ክሩን መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጫኑና ከክሩ ሥር እስከ ፒካፑ ያለውን ለኩ፤ ከ2.5 እስከ 3.5 ሚሊ ሜትር ጥሩ መነሻ ነው፣ ወፍራሙ ወገን ራቅ ይላል። ፒካፑን በሳሳው ወገን በኩል፣ ብሎኑን በሩብ ዙር እያዞራችሁ፣ አንሱና ስሙ። ሁሉም ክር ደህና ሆኖ በጂ ክር ከ5ኛ እስከ 7ኛ ፍሬት አካባቢ አንድ ኖታ ብቻ ቶሎ የሚሞት ከሆነ ግን የአንገቱ እንጨት ጠባይ ነው። ኮምፕረሰር በጥቂቱ ያራዝመዋል እንጂ አያድነውም፤ ያንኑ ኖታ በዲ ክር ላይ አምስት ፍሬት ወደ ላይ ፈልጉት።