በጠባብ ግቢ ዛፍን በገመድ እየመሩ መጣል

አራት ኪሎም ሆነ ካዛንቺስ፣ ግቢ ውስጥ ያለ ዛፍ ሲቆረጥ በአንድ በኩል የጎረቤት ቆርቆሮ፣ በሌላው አጥር፣ ከላይ ደግሞ የመብራት ሽቦ አለ። «ችግር የለም፣ ገመድ አስረን እንስበዋለን» ይባላል። መሳቡ ጥሩ ነው። ግን ዛፉን በዋናነት የሚመራው ገመዱ አይደለም፤ ግንዱ ላይ ሳይቆረጥ የሚቀረው ቀጭን እንጨት ነው። እንደ በር ማጠፊያ ሆኖ ነው የሚያስተኛው። ገመዱ ዛፉ ወደ ኋላ እንዳይቀመጥ ይይዛል፣ ወደ ፊት እንዲያጋድልም ያግዛል።

መጀመሪያ ወረዳ ሄዳችሁ ፈቃድ ጠይቁ። ከዚያ ቁመቱን ለኩ። ከዓይናችሁ እስከ ጨበጣችሁት እጅ ድረስ ያለውን ርቀት የሚያህል ዱላ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፤ የዱላው ጫፍና የዛፉ ጫፍ፣ እጃችሁና የዛፉ ሥር እስኪገጥሙ ወደ ኋላ ሂዱ፤ መሬቱ ሜዳ ከሆነ የቆማችሁበት ርቀት የዛፉ ቁመት ነው። ያ ርቀት ግቢው ውስጥ ካልተገኘ፣ ወይም ሽቦ የሚደርስበት ከሆነ፣ ገመድ አያድናችሁም። እንዲህ ያለው ዛፍ ከላይ ጀምሮ በቁራጭ በቁራጭ፣ በሚያውቅ ሰው ነው የሚወርደው። ሽቦ ካለ ደግሞ መብራት ኃይል ሳይመጣ ማንም እንዳይነካው፤ የረጠበ ገመድ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል።

ገመዱ ከቁመቱ ሁለት ሦስተኛ አካባቢ ይታሰር። 15 ሜትር የሆነ ባሕር ዛፍ ከሆነ 10 ሜትር ላይ ማለት ነው። ዝቅ ካለ ጉልበት ያባክናል፣ በጣም ከፍ ካለ ጫፉ ይሰበራል። መውጣት አያስፈልግም፤ ቀጭን ሲባጎ ላይ ክብደት አስራችሁ ከግንዱ ጋር በተጠጋ ጠንካራ ቅርንጫፍ ላይ ወርውሩ፣ በእሱ ወፍራሙን ገመድ ጎትታችሁ አሳልፉ፣ ሸምቀቆ አድርጋችሁ ወደ ላይ አጥብቁት። ናይለን እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፣ ከተበጠሰ ተመልሶ ይገርፋል። ስለዚህ ብዙ የማይለጠጥ፣ ያልተላላጠ ገመድ ፈልጉ። አሮጌ የቃጫ ገመድ ይቅርባችሁ።

የሚስቡት ሰዎች ከዛፉ ቁመት እጥፍ ይራቁ። ለ15 ሜትሩ 30 ሜትር፣ ገመዱም ቢያንስ 40 ሜትር። አዲስ አበባ ግቢ ውስጥ 30 ሜትር ከየት ይመጣል? ስለዚህ ዛፉ በሚወድቅበት መስመር ላይ፣ ዛፉ ከሚደርስበት ራቅ ብሎ፣ ጠንካራ ግንድ ላይ መዘውር እሰሩና ገመዱን በእሱ አዙራችሁ ከመስመሩ ውጭ ቆማችሁ ሳቡ። ገመዱን እጃችሁ ወይም ወገባችሁ ላይ ፈጽሞ አትጠምጥሙ።

መኪና ላይ ማሰር ይቅር። እኛ ሰፈር አይቼዋለሁ፤ ሾፌሩ ወደ ኋላ ማየት ስላልቻለ በኃይል ሲነሳ ገመዱ ተበጠሰ፣ ዛፉም ተመልሶ ማድ ቤት ጣሪያ ላይ አረፈ። እናትየዋ ከዚያ ቤት ከወጡ ገና አምስት ደቂቃ አልሞላቸውም ነበር። እስካሁን ሳስበው ይዘገንነኛል።

አቆራረጡ እንዲህ ነው። ለ40 ሴንቲ ሜትር ግንድ በሚወድቅበት በኩል ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሚገባ አፍ፣ ማለትም የሽብልቅ ቅርጽ ያለው ቁርጥ፣ ክፈቱ። ከዚያ ገመዱን የላላበትን ያህል ብቻ ሰብስቡ። ከኋላ፣ ከአፉ ወለል 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብላችሁ፣ ማጠፊያ የሚሆነው ያልተቆረጠ እንጨት 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ብቻ እስኪቀር ቁረጡ። መጋዙ በቂ ከገባ በኋላ ሽብልቅ ምቱበት። ሳቢዎቹ ቆራጩ ምልክት ሳይሰጥ ጠበቅ አድርገው አይጎትቱ፤ ገና ሳይቆረጥ በኃይል ከተሳበ ግንዱ ከሥር ወደ ላይ ለሁለት ይሰነጠቃል፣ ግማሹም ወደ ቆራጩ ይፈናጠራል። ባሕር ዛፍ በተለይ ካዘነበለ ይህን ያደርጋል። ዛፉን ወደ ጎን ለመሳብም ትፈተኑ ይሆናል፤ ያ ግን ማጠፊያውን ይሰብረዋል። ገመዱ አፉ በሚያይበት አቅጣጫ ይሁን።

ዛፉ ሲያዘነብል ቆራጩ መጋዙን ይዞ፣ ቀድሞ ባጸዳው መንገድ ወደ ኋላ በሰያፍ ይራቅ። ጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሳ ጀምሩ። ክረምት ላይ አፈሩ ስለሚረጥብ ሥሩ ሊነቀል፣ እግርም ሊንሸራተት ይችላል፤ ጥቅምትን ጠብቁ።

ከወደቀም በኋላ ገመዱን ለመፍታት አትሩጡ። ግንዱ በቅርንጫፎቹ ተደግፎ ሊቆይና በድንገት ሊንከባለል ስለሚችል፣ በደንብ መርጋቱን አይታችሁ ቅረቡ፤ መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ከላይኛው በኩል።