የአልኮል ምድጃዬ ብርድ ላይ እምቢ ስትለኝ እንዴት እንዳስተካከልኳት

ከጣሳ የሰራኋት ምድጃ ሀዋሳ ቤቴ በረንዳ ላይ ሻይ ቶሎ ነበር የምታፈላው፣ ባሌ ሳነቴ ላይ ግን፣ 4000 ሜትር አካባቢ ነው፣ ጠዋት ክብሪት ብጭር ብጭር እምቢ አለች፣ ጓደኞቼ በብርድ እየተንቀጠቀጡ ሻይ ሲጠብቁ በጣም ነው ያዘንኩት።

ተመልሼ የአልኮሉን ጠርሙስ በረዶ ያለበት ባልዲ ውስጥ ከትቼ ስሞክር ያው ችግር መጣ። ለካ የሚነደው ፈሳሹ ሳይሆን ትነቱ ነው፣ ኢታኖል (አልኮሉ ማለት ነው) ደግሞ እንደ ንጽህናው ከ13 እስከ 17 ዲግሪ ካልሞቀ በቂ ትነት አይሰጥም። በዛ ላይ ይዤው የሄድኩት 70 ፐርሰንቱን ነበር፣ ውሃ የበዛበት።

አሁን 96 ፐርሰንቱን ነው የምይዘው። ክዳኑን ጥብቅ አድርጌ ግማሽ ሰዓት ጃኬቴ ውስጥ አሞቀዋለሁ፣ ከምድጃዋ ስር ፎይል የተጠቀለለ ጣውላ አደርጋለሁ መሬቱ ሙቀቷን እንዳይወስድባት፣ ዙሪያዋን በፎይል ከንፋስ እከልላታለሁ ግን ከታች አየር መግቢያ እተዋለሁ። በሚቀጥለው ጉዞ በአንድ ክብሪት ተቀጣጠለች፣ ደስታዬን አትጠይቁኝ!

አደራ ግን፣ የአልኮል ነበልባል በቀን ብርሃን አይታይም፣ ጠፋ ብላችሁ ሳትበርድ እንዳትጨምሩባት፣ ድንኳን ውስጥም በፍጹም አታንድዱ።