ከማረሚያ ቤት ለሚወጣ ሰው የጤናና የሱስ ሕክምናው እንዳይቋረጥ እንዴት ማቀናጀት ይቻላል?

በአሜሪካ ዋሺንግተን ግዛት ከማረሚያ ቤት የተፈቱ ከ30,000 በላይ ሰዎችን የተከታተለ አንድ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሟል። በወጡ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የመሞት አደጋቸው ከሌላው የግዛቱ ነዋሪ 12.7 እጥፍ ነበር። ከገዳዮቹ ቀዳሚው ከመጠን በላይ የተወሰደ አደንዛዥ ዕፅ ነው። ሰውነት በእስር ወራት ዕፁን የመቋቋም ልምዱን ያጣል፤ ሰውየው ግን የሚያውቀው የቀድሞ መጠኑን ነው።

መድኃኒቱም ባለሙያውም ባሉበት ቦታ እንኳ ይህ ሞት ይደርሳል። የሚጎድለው የውስጡን ክሊኒክ ከውጭው ጋር የሚያገናኝ ሰው ነው። ማኅበራዊ ሠራተኛ፣ የጤና ባለሙያ ወይም ቤተሰብ ከሆኑ ሥራውን በዚህ ቅደም ተከተል ይጀምሩ።

1. አንድ ኃላፊ ይመድቡ

ኮሚቴ አይበቃም። ማረሚያ ቤቱ ክሊኒኩን፣ ክሊኒኩ የአመክሮ ጽሕፈት ቤቱን ሲጠብቅ ቀኑ ያልፋል። ስሙና ስልክ ቁጥሩ በሚፈታው ሰው እጅ ያለ፣ ከመፈታቱ በፊትም ቢያንስ አንዴ በአካል ያገኘው አንድ ሰው መኖር አለበት።

2. ቀደም ብለው ይጀምሩ

የፍርድ ጊዜው የታወቀ ታራሚ ከሆነ ሦስት ወር ቀድሞ መጀመር ተገቢ ነው። በቀጠሮ ላይ ያለ እስረኛ ግን ጠዋት ፍርድ ቤት ቀርቦ ከሰዓት በኋላ ሊፈታ ስለሚችል ዕቅዱ በገባበት ሳምንት ይዘጋጅ። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቃቸው የኔልሰን ማንዴላ ደንቦችም የኤችአይቪ፣ የሳንባ ነቀርሳና የዕፅ ጥገኝነት ሕክምና ሳይቋረጥ መቀጠል እንዳለበት በ24ኛው ደንብ ይደነግጋሉ። የማረሚያ ቤት አስተዳደር ሲያመነታ ይህን መጥቀስ ይረዳል።

3. ሰውየውን ራሱን ይጠይቁ፤ ፈቃዱንም በጽሑፍ ይቀበሉ

ምን ይጠቀም ነበር? በእስር ውስጥስ? (ይህን ሲጠይቁ መልሱ እንደማያስቀጣው አስቀድመው ያረጋግጡለት፤ ማረጋገጥ ካልቻሉ አይጠይቁ።) ከዚህ በፊት ከመጠን በላይ ወስዶ ራሱን ስቶ ያውቃል? የመጀመሪያዋን ሌሊት የት ያድራል? እዚያ ቤት ሌላ የሚጠቀም ሰው አለ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከብዙ የምርመራ ውጤት ይልቅ ጠቃሚ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ከዚያ የትኛው መረጃ ለማን እንደሚሄድ ይነጋገሩ። ክሊኒኩ ስለ ኤችአይቪ ማወቅ አለበት፤ የአመክሮ ሠራተኛው ማወቅ የለበትም። አንዴ ምስጢሩ የወጣበት ሰው ለሁለተኛ ጊዜ እውነቱን አይነግርዎትም።

4. አንድ ገጽ የሕክምና ማጠቃለያና መድኃኒት በእጁ ይኑር

ማጠቃለያው የበሽታውን ስም፣ የመድኃኒቱን መጠን፣ የመጨረሻው መጠን የተወሰደበትን ቀንና የላቦራቶሪ ውጤቶችን ይያዝ። ለሳንባ ነቀርሳ የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ይፈጃል፤ ስንተኛው ወር ላይ እንዳለ ካልተጻፈ አዲሱ ክሊኒክ በግምት ይሠራል፤ መቆራረጡም መድኃኒት የተላመደ ነቀርሳ ሊያመጣ ይችላል። መድኃኒቱ እስከ ቀጠሮው የሚያደርስና ጥቂት ትርፍ ቀናት ያለው ይሁን። መታወቂያውም አይረሳ፤ ያለ እሱ ካርድ የማይወጣባቸው ተቋማት ብዙ ናቸው።

5. ለሱሱ ዓይነት የሚስማማ ዝግጅት ያድርጉ

ሄሮይንና መሰል ኦፒዮይዶችን ለሚጠቀም ሰው የዚህን ሱስ ፍላጎት የሚያረግቡት መድኃኒቶች ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን ማረሚያ ቤት ውስጥ እያለ ይጀመርለት። የአሜሪካዋ ሮድ አይላንድ ግዛት ይህን ሕክምና በማረሚያ ቤቶቿ ከጀመረች በኋላ፣ በቅርቡ ከእስር ወጥተው ከመጠን በላይ በመውሰድ የሞቱት ሰዎች ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2016 የመጀመሪያ ስድስት ወራት ከነበረው 26፣ በ2017 ተመሳሳይ ወራት ወደ 9 ወርዷል። «ከእስር ንጹሕ ሆኖ ይውጣ» ብለው መድኃኒቱን የሚያስቆሙ ሰዎች ይህን ቁጥር ቢያዩት እወዳለሁ። ሜታዶን ለሦስት ቀን ወይም ከዚያ በላይ ከተቋረጠ በቀድሞው መጠን መቀጠል አደገኛ ስለሆነ ሐኪም መጠኑን እንደገና ይወስን።

ከመጠን በላይ የተወሰደ ኦፒዮይድን ኃይል የሚሽረው ናሎክሶን በሚገኝበት አገር ደግሞ ሲወጣ ይሰጠው፤ ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምራ ከእስር ለሚወጡ ሰዎች ታድላለች። አጠቃቀሙን ቤተሰቡም ይማር፤ ራሱን የሳተ ሰው ለራሱ ሊሰጥ አይችልምና። የናሎክሶን ኃይል ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ውስጥ ስለሚያልቅ ታማሚው ቢነቃም አምቡላንስ ይጠራ።

አልኮል ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ወጥቶ ወደ ከባድ መጠጥ የተመለሰ ሰው በድንገት ሲያቆም መንቀጥቀጥ፣ የሚጥል ሕመምና መቃዠት ሊገጥመው ስለሚችል የሚያቆመው በሐኪም ክትትል ይሁን።

6. የመፈቻውን ቀን በሰዓት ይከፋፍሉት

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የተፈታ ሰው ሰኞ እስኪደርስ ክሊኒኩም ጽሕፈት ቤቱም ዝግ ነው። እንግሊዝና ዌልስ በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣ ሕግ አንዳንድ ታራሚዎች ጥቂት ቀድመው እንዲወጡ ፈቅደዋል። ቀኑን መቀየር ካልቻሉ ከእሑድ በፊት የሚያየው ባለሙያ ይፈልጉ።

«ክሊኒክ ሂድ» ማለት ቀጠሮ አይደለም። ሰዓቱ፣ ቦታውና የሚያየው ባለሙያ ስም በወረቀት ይጻፍ፤ የመጓጓዣው ገንዘብም ይታሰብ። የአመክሮና የክሊኒክ ቀጠሮ በአንድ ሰዓት እንዳይጋጩም ይጠንቀቁ፤ ከተጋጩ ሰውየው የሚመርጠው ወደ እስር የሚመልሰውን ነው።

በር ላይ የሚቀበለው ሰው ቢኖር መልካም ነው፤ ራሱ ታስሮ የወጣ ሰው ከሆነ ደግሞ የበለጠ ይደመጣል። በሳን ፍራንሲስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው የትራንዚሽንስ ክሊኒክ አሠራር የተመሠረተው እንዲህ ባሉ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ላይ ነው።

7. ሲቀር ይፈልጉት

ቀጠሮ ከቀረ በዚያው ቀን ይደውሉ፤ ካልተገኘ ፈቃድ በሰጠበት ስልክ ወደ ቤተሰቡ ይደውሉ። ሱሱ ቢያገረሽበት ከፕሮግራሙ አያስወጡት፤ ቀጣዩ ቀጠሮ ይቅረብ፣ የመድኃኒቱ መጠን ይከለስ፣ ናሎክሶኑ እንዳለ ይጠየቅ። ኃላፊነቱን ለክሊኒኩ የሚያስረክቡት ቢያንስ ሁለት ቀጠሮዎችን በራሱ ከሄደና ከባለሙያው ጋር በስም ከተዋወቀ በኋላ ነው። ስልክዎን ግን አይቀይሩ።