የትዕዛዝ ሥዕል ዋጋዬን ያስተካከልኩበት መንገድ

አዲስ አበባ ውስጥ በትዕዛዝ የሰዎችን ምስል በዘይት ቀለም እሥላለሁ። ለረጅም ጊዜ ዋጋ የምናገረው በግምት ስለነበር፣ ሦስት ሳምንት የፈጀብኝ ሥራ የሸራውንና የቀለሙን ወጪ እንኳ ሳይሸፍን ቀርቷል፤ ለሠርግ ስጦታ የታዘዘ ሥዕልም ያዘዘው ሰው ሳይወስደው ግድግዳዬ ላይ ሲቀር እጅግ አዝኛለሁ።

መጀመሪያ የለወጥኩት ስሌቱን ነው። የድካሜን ዋጋ በሸራው ስፋት አሰላለሁ፤ በካሬ ሴንቲ ሜትር 3 ብር ስለማስከፍል፣ 50 በ70 የሆነው ሸራ 3,500 ካሬ ሴንቲ ሜትር በመሆኑ 10,500 ብር ይመጣል። የሸራ፣ የቀለምና የፍሬም ወጪ በደረሰኙ መሠረት ለብቻው ይጨመራል። የቀለም ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ፣ ሁለቱን ደባልቆ አንድ ዋጋ መናገር ትልቁ ስህተቴ ነበር። ድካሙ በስፋት ብቻ ስለማይለካም፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ፊት የድካሙን አንድ አራተኛ እጨምራለሁ።

ሁለተኛው ቀብድ ነው። ግማሹን ሳልቀበል ሸራ አልወጥርም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1885 እንደሚደነግገው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ይህ እኔንም ስለሚያስር ተገቢ ሆኖ አግኝቸዋለሁ። በአንድ ገጽ ውል ላይ የሥዕሉን ልክ፣ የማስረከቢያውን ቀን፣ እንዲሁም ማሻሻያ የሚፈቀደው በእርሳስ ንድፉ ላይ ብቻና ሁለት ጊዜ መሆኑን እጽፋለሁ። ከዚያ ወዲህ በዋጋ የሚከራከሩኝ ደንበኞች አሉ፤ ሠርቼ እጄ ላይ የቀረ ሥዕል ግን የለም።