በኮምቦልቻ ሙቀት ወይን እንዴት ይቀመጣል?

ግንቦት ገባ። ኮምቦልቻ ላይ ቀን ቀን ሙቀቱ 30 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ደግሞ ይብሳል። ከሰርግ የተረፈ ወይም ለበዓል ያስቀመጣችሁት ወይን ካለ ዛሬውኑ ሄዳችሁ የት እንዳለ እዩት። ቁምሳጥን ላይ ከሆነ አውርዱት። ብፌ ውስጥ ሆኖ ፀሐይ የሚያገኘው ከሆነም አንሱት። ምክንያቱን እያወራን እንሄዳለን።

ግሮሰሪ ስላለኝ ይህን ጉዳይ ከደንበኞቼ ጋር ሁልጊዜ እናነሳዋለን። አንድ አባት በቀደም፣ “ልጄ፣ ወይን እኮ ሲከርም ነው የሚጣፍጠው” አሉኝ። “አባባ፣ እሱ ቀዝቃዛ ቦታ ለተቀመጠ፣ ያውም ለጥቂት ዓይነት ወይን ነው” አልኳቸው። አብዛኛው ወይን በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ ተብሎ የሚሠራ ነው። ሙቀት ካገኘው ደግሞ ያቺም ዕድሜ ታጥራለች።

ወይን ጠርሙስ ውስጥ ከገባም በኋላ መለወጡን አያቆምም። ቀስ እያለ ይበስላል። ለዚህ የሚመቸው ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ያለ፣ ከፍ ዝቅ የማይል ሙቀት ነው። በደፈናው ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ውስጡ የሚካሄደው ለውጥ ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል። ፈጠነ ማለት ግን ቶሎ ጣፈጠ ማለት አይደለም። የፍሬው ሽታ ይጠፋል፤ በቦታው የተቀቀለ ዘቢብ ወይም የማርማላታ ሽታ ይመጣል። 25 ዲግሪ ላይ ለወራት ከቆየ ያረጃል። ከ30 በላይ ሲሆን ሳምንታትም ይበቁታል። 40 ከደረሰ ቀናት እንኳ ብዙ ናቸው።

ሁለተኛው ጉዳት ቡሹ ላይ ነው። ፈሳሽ ሲሞቅ ያብጣል። 750 ሚሊ ሊትር ወይን ከ20 ወደ 40 ዲግሪ ሲወጣ 5 ሚሊ ሊትር ገደማ ይጨምራል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ጠርሙሱ አንገት ላይ ያለችው ባዶ ቦታ ደግሞ ጠባብ ናት። ስለዚህ ወይኑ ቡሹን ይገፋል፣ በጎኑም ሾልኮ ይወጣል። ማታ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰብና አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ቀን ሞቆ ሌሊት የሚበርድ ክፍል ይህን በየቀኑ ይደጋግመዋል። ለእኔ ከመካከለኛ ሙቀት ይልቅ ይህ መዋዠቅ ያሳስበኛል፤ የእኛ ቆርቆሮ ቤት ደግሞ ለዚህ ክፉኛ የተጋለጠ ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ ለኩ። የክፍል ሙቀት መለኪያ ግዙ፤ ከፋርማሲ የሚገዛው የሰውነት ሙቀት መለኪያ ለዚህ አይሆንም። አንድ ነገር ልምከራችሁ፦ መለኪያውን አየር ላይ ከመስቀል ይልቅ ባዶ ጠርሙስ ውሃ ሙሉና ጫፉን እዚያ ውስጥ ንከሩት። አየሩ በር ሲከፈት ሁሉ ይለዋወጣል፤ ወይኑ የሚሰማው ግን የፈሳሹን ሙቀት ነው። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ እዩት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ የሆነበትን ጥግ ምረጡ።

ያ ጥግ አብዛኛውን ጊዜ ጓዳ ውስጥ፣ መሬት ላይ ነው። የከሰዓት ፀሐይ የማይመታው ግድግዳ ይሁን። ወፍራም የጭቃ ወይም የድንጋይ ግድግዳ ካላችሁ ከብሎኬት ይሻላል፤ ሙቀቱን ቶሎ አያስገባም። ከምጣድና ከምድጃ አርቁት። ከፍሪጅ ጀርባም እንዲሁ፤ እዚያ የሚወጣው ሙቀት ቀላል አይደለም። ካርቶኑን አትጣሉት፣ ብርሃንም ሙቀትም ይከላከላል። በተለይ ነጭና ሮዜ ወይን ቀለም በሌለው ጠርሙስ ሲመጣ ብርሃን ቶሎ ያበላሸዋል። ቡሽ ያለውን አጋድሙት፣ ቡሹ እንዳይደርቅ። በመጠምዘዝ የሚከፈተው ቢቆምም ችግር የለውም።

ፍሪጅስ? ለሳምንታት ጥሩ ነው። ሌላ ቀዝቃዛ ቦታ ከሌላችሁ በግንቦትና በሰኔ ከቁምሳጥን ላይ ሺህ ጊዜ ይሻላል። ለዓመት ግን አልመክርም፤ የፍሪጅ አየር ደረቅ ስለሆነ ቡሹን ያደርቀዋል።

ደሴ ዘመድ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፤ ደሴ ደግሞ 2,500 ገደማ። ሀረጎን ወጥታችሁ 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ 4 ዲግሪ ያህል ሙቀት ትቀንሳላችሁ። እኔ ለቤቴ የማቆየውን ደሴ ሙጋድ አክስቴ ጓዳ ነው የማስቀምጠው። የባቲ ሰዎች ደግሞ ከእኛም የባሰ ሙቀት አለባችሁና ለወራት የሚሆን ባትገዙ ይሻላል። ለበዓሉ የሚበቃችሁን በሳምንቱ ግዙ።

መንገድ ላይ ብዙ ወይን ይበላሻል። ፀሐይ ላይ የቆመ ዝግ መኪና ውስጡ በአንድ ሰዓት ጊዜ ከ45 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ከአዲስ አበባ ስትመጡ ሸዋሮቢት ወይም ከሚሴ ላይ ምሳ ለመብላት ብትቆሙ መኪናውን ጥላ ስር አቁሙ። ጠርሙሶቹን እርጥብ ፎጣ ጠቅልሉና ነፋስ እንዲያገኛቸው መስኮት ክፈቱ፤ ውሃው ሲተን ያቀዘቅዛቸዋል። ሻምፓኝ ካለ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። ቀድሞውኑ ውስጡ ያለው ግፊት ከመኪና ጎማ ከሁለት እጥፍ ይበልጣል፣ ሲሞቅ ደግሞ ይጨምራል። አፉን ከፊታችሁ አዙራችሁ አስቀምጡት፣ ሳይቀዘቅዝም አትክፈቱት።

የሞቀ ወይን ሳይከፈትም ይታወቃል። ቡሹ ከጠርሙሱ አፍ ከፍ ብሎ መሸፈኛውን ወጥሮታል? አንገቱ ላይ የሚያጣብቅ ነገር አለ? የወይኑ መጠን ከጎረቤት ጠርሙስ ዝቅ ብሏል? ከተከፈተ በኋላ ነጩ ወደ ቡናማ ካደላ፣ ገና አዲስ ሆኖ ቀዩ ጠርዙ ላይ የጡብ ቀለም ከያዘ፣ ሙቀት አግኝቶታል። መልሶ ማቀዝቀዝ የጠፋውን ሽታ አያመጣም። ሆን ተብሎ የሚሞቅ ወይንም አለ፤ የፖርቱጋሉ ማዴራ እስከ 45 ወይም 50 ዲግሪ ድረስ ለወራት ይሞቃል። እሱ ግን አልኮል ተጨምሮበት ለዚያ የተዘጋጀ ነው።

በሙቀት የተጎዳ ወይን ጤና አይጎዳም። ቀይ ከሆነ ለጥብስ የሚሆነውን ስጋ በነጭ ሽንኩርትና በጥብስ ቅጠል አድርጋችሁ ሌሊቱን ዘፍዝፉበት።

ስትገዙ ደግሞ መስኮት ላይ ለዕይታ የተደረደረውን አትውሰዱ። “ከውስጥ፣ ከካርቶን አምጡልኝ” በሉ። እጃችሁ ላይ ለብ ካለ ተዉት። ቡሹ ተገፍቶ ከመጣባችሁ ሳትከፍቱ ወደ ሻጩ መልሱት፤ እኔ ጋ ከሆነ እቀይርላችኋለሁ።