ከተለያዩ ኮሌጆች ኮርስ ወስደው ለሕክምና ትምህርት ቤት ሲያመለክቱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሜሪላንድ በውስጥ ደዌ ሐኪምነት እየሠራሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ለሕክምና ትምህርት የሚያመለክቱ የሀገሬን ልጆች ማመልከቻ አብሬያቸው ተቀምጬ አነባለሁ። አብዛኞቹ ቀን ሠርተው ማታ የሚማሩ በመሆናቸው አንዱን ቅድመ ሁኔታ ኮርስ ለሥራቸው ከሚቀርብ ኮሌጅ፣ ሌላውን ክፍያው ከቀነሰበት፣ ሦስተኛውን በክረምት ቦታ ከተገኘበት ወስደዋል። እኔም የተማርኩት እንዲሁ ስለሆነ በዚህ የሚያፍር ተማሪ ሳይ ቅር ይለኛል። ሆኖም በየዓመቱ ጎበዝ ልጆች እዚያው ቦታ ላይ ሲሰናከሉ እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከሁሉ የከፋው የተማሩበትን ኮሌጅ ከማመልከቻ ማስቀረት ነው። አንድ ወጣት የሦስት ኮሌጆች ትራንስክሪፕት ይዞ መጣ፤ ውጤቱ ያኮራል። ሌላ ኮሌጅ ተመዝግቦ ያውቅ እንደሆነ ስጠይቀው አቀርቅሮ ቆየና፣ «ጋሼ፣ አንድ አለ፤ ግን እናቴ ታማ አቋርጬ ኤፍ ነው የሰጡኝ። ክሬዲት እንኳ የለውም፣ ምን ያደርግላቸዋል?» አለኝ። የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር የሚያስተዳድረው አምካስ የተባለው የማመልከቻ አገልግሎት በአሜሪካና በካናዳ ከፍተኛ ትምህርት ከተመዘገባችሁበት ተቋም ሁሉ ትራንስክሪፕት ይጠይቃል። አንድ ኮርስ ብቻ ወስዳችሁ ቢሆን፣ አቋርጣችሁ ደብልዩ (የማቋረጥ ምልክት) ቢሰጣችሁ፣ ሁለተኛ ደረጃ ሳላችሁ የወሰዳችሁት የኮሌጅ ኮርስ ቢሆን፣ ክሬዲቱ ወደ ሌላ ኮሌጅ ተዛውሮ ቢሆን እንኳ ግዴታው አይቀርም። ብዙ ኮሌጆች የምዝገባ መረጃቸውን ናሽናል ስቱደንት ክሊሪንግሀውስ ለተባለው የተማሪዎች ምዝገባ መረጃ ማዕከል ስለሚያስተላልፉ የተደበቀ ኮሌጅ አንድ ቀን ይወጣል፤ ሲወጣም ጉዳዩ የታማኝነት ጥያቄ ይሆናል። በእርግጥ ኤፉ ይጎዳል። በ60 ክሬዲት የሳይንስና የሒሳብ ኮርሶች 3.80 አማካይ ውጤት (ጂፒኤ) ያለው ተማሪ ባለ 4 ክሬዲት ኤፍ ሲጨመርበት ወደ 3.56 ይወርዳል። ነገር ግን እናቱን ሲያስታምም ትምህርቱን የጣለና ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ኤ በኤ የሆነ ልጅ ታሪክ ሊነገር የሚችል ታሪክ ነው፤ የተደበቀ ትራንስክሪፕት ግን ማስረጃ የሚሆነው በባለቤቱ ላይ ነው። ያ ወጣት በመጨረሻ አራተኛውን ትራንስክሪፕት አስገባ፤ የሆነውንም በአራት መስመር ጻፈ።

ከዚሁ ጋር የሚያያዘው፣ አንድን ኮርስ በሌላ ኮሌጅ ደግሞ በመውሰድ የመጀመሪያው ውጤት ይሰረዛል ብሎ ማመን ነው። ኮሌጃችሁ በራሱ ደንብ ቢሰርዘውም አምካስ ሁለቱንም ይቆጥራል፤ መጀመሪያ ሲ፣ በኋላ ኤ ያገኘ ተማሪ በዚያ ኮርስ የሚያዝለት አማካይ ቢ ነው። ዲኦ የተባለውን የሐኪምነት ዲግሪ የሚሰጡት የኦስቲዮፓቲክ ሕክምና ትምህርት ቤቶች የጋራ ማመልከቻም ቀድሞ የሚቆጥረው የኋላውን ውጤት ብቻ ነበር፤ ከ2017 ወዲህ ግን እሱም ሁሉንም ይቆጥራል።

ሦስተኛውን ስህተት የሠራሁት እኔ ራሴ ነኝ። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የጀመርኩት በሲያትል ነበር፤ በዚያ ያሉት ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች የሚያስተምሩት በኳርተር ስለሆነ የዓመቱ ትምህርት ለሦስት ይከፈላል። አንዱን ኳርተር እንደጨረስኩ ወደ ሜሪላንድ ተዛወርኩና፣ «አንደኛውን ወስጃለሁ» ብዬ በሴሚስተር በሚያስተምር ኮሌጅ ሁለተኛውን ተመዘገብኩ። መምህሩ በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ ሪአክሽን ጽፎ «የአልኪንና የአልካይን ሪአክሽኖችን ታስታውሳላችሁ» ሲል እኔ የማስታውሰው ነገር አልነበረም፤ ከዓመቱ ሲሶውን እንጂ ግማሹን አልተማርኩምና። ክሬዲቱም አልሞላም፤ አንድ የኳርተር ክሬዲት የሚታሰበው የሴሚስተር ክሬዲት ሁለት ሦስተኛ ስለሆነ ባለ 5 ክሬዲት ኮርሴ 3.3 ብቻ ሆኖ ተቆጠረ። አንደኛውን ሴሚስተር ከሥር ጀምሬ ለመውሰድ ተገደድኩ፤ አንድ ዓመትም ባከነብኝ። ስለዚህ ተከታታይ ኮርስ የጀመራችሁበት ኮሌጅ ጨርሱት፤ መዛወር ግድ ከሆነ ደግሞ ከመመዝገባችሁ በፊት የሁለቱን ኮሌጆች ኮርስ አውትላይን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ምዕራፍ በምዕራፍ አስተያዩ።

የሳይንስ ኮርስ የቤተ ሙከራ ክፍል (ላብ) ከትምህርቱ ጋር ተጠቃሎ የሚሰጥበትም ለብቻው የሚመዘገቡበትም ኮሌጅ ስላለ፣ ላቡ መወሰዱን በትራንስክሪፕቱ ላይ በዓይናችሁ አረጋግጡ።

የስም ጉዳይ ለእኛ የተለየ ችግር ነው። አንዱ ኮሌጅ የአባትን ስም፣ ሌላው የአያትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይመዘግባል፤ የላቲን አጻጻፉም ከፓስፖርት ወደ ፓስፖርት ይለያያል። የአንድ ልጅ ሦስት ትራንስክሪፕቶች የሦስት ሰዎች መስለው ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግተው አይቻለሁ። በማመልከቻው ውስጥ ሌሎች ስሞችን ማስመዝገቢያ ቦታ አለ፤ በትራንስክሪፕት የታዩትን ስሞች ሁሉ እንደተጻፉ አስገቡ፤ ትራንስክሪፕት ስታዝዙም ማመልከቻው የሚያዘጋጅላችሁን መጠየቂያ ቅጽ አያይዙ።

ከኢትዮጵያ ዲግሪ ይዘው የመጡ ደግሞ ዲግሪያቸውን በማስገምገም ብቻ ነገሩ ያለቀ ይመስላቸዋል። አምካስ የውጭ ሀገር ውጤትን በጂፒኤ ስሌት ውስጥ አያስገባም፤ ብዙ የሕክምና ትምህርት ቤቶችም ቅድመ ሁኔታ ኮርሶቹ በአሜሪካ ወይም በካናዳ እንዲወሰዱ ይፈልጋሉ።

ብዙ ትምህርት ቤቶች ያስተማሯችሁ ሁለት የሳይንስ መምህራን የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፉላችሁ ይጠይቃሉ። ከየኮሌጁ አንድ አንድ ኮርስ እየወሰደ የሚወጣን ተማሪ ግን በስሙ የሚያውቀው መምህር አይገኝም። ቢያንስ በአንዱ ኮሌጅ ከአንድ መምህር ሁለት ኮርስ ውሰዱ፤ በቢሮ ሰዓቱም ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ፤ ደብዳቤውንም ኮርሱ እንዳለቀ፣ መልካችሁ ሳይረሳ ጠይቁ።

ማመልከቻው በሜይ መጀመሪያ ይከፈታል፤ ትራንስክሪፕቶቹ ተሟልተው ካልደረሱ ግን ማጣራቱ አይጀመርም። ብዙ ኮሌጅ የተማረ ሰው ብዙ ሬጅስትራር መጠበቅ ስላለበት፣ በፌብሩዋሪ ከእያንዳንዱ ኮሌጅ ለራሳችሁ አንድ አንድ ቅጂ አስመጡ። የተረሳ የላብ ክፍያ ትራንስክሪፕታችሁን አሳግዶ ከሆነ ያን ጊዜ ታውቃላችሁ፤ ለመክፈልም ጊዜ አላችሁ።