ኢንካ ትሬል፦ ገና ከቤት ሳትወጡ የሚሠሩ ስህተቶች

ፔሩ ውስጥ ወዳለው የጥንት የኢንካ ከተማ፣ ወደ ማቹ ፒቹ፣ በእግር የሚወስደው ታዋቂው መንገድ ኢንካ ትሬል 43 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አራት ቀን፣ ሦስት ሌሊት። ከሩቅ ሲሰሙት ብዙም አያስፈራም። ደስ ሳይላቸው የተመለሱትን ወይም ጭራሽ መግቢያው ላይ የቀሩትን ሰዎች ጠጋ ብላችሁ ብትጠይቁ ግን ነገሩ የተበላሸው ተራራው ላይ አይደለም፤ ወራት ቀደም ብሎ፣ ሶፋ ላይ ቁጭ ብለው ፎርም ሲሞሉ፣ ትኬት ሲቆርጡ፣ ርካሽ ዋጋ ሲያሳድዱ ነው። አንድ በአንድ እንያቸው።

ፈቃዱን ዘግይቶ መፈለግ

መንገዱ ላይ በቀን የሚገባው 500 ሰው ብቻ ነው። ቁጥሩ አስጎብኚውን፣ ምግብ አብሳዩንና ተሸካሚዎቹን ሁሉ ይጨምራል። ለተጓዥ የሚደርሰው 200 ገደማ ቦታ ነው። በዚያ ላይ ድንኳን አዝሎ ለብቻ መሄድ ክልክል ነው፤ ፈቃዱን ሊያወጣላችሁ የሚችለው በሕግ የተመዘገበ አስጎብኚ ድርጅት ብቻ ነው። ከሜይ እስከ ኦገስት ያለው ደረቁ ወቅት ሁሉም የሚመኘው ስለሆነ ቦታው ከወራት በፊት ያልቃል። ካለቀ አለቀ። ጓደኛዬ ስለቀረ በሱ ስም ልግባ ማለት አይቻልም፣ ገንዘቡም አይመለስም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ስለዚህ የቪዛውን ነገር አስቀድሞ ይጠይቅ። ፌብሩዋሪን ደግሞ ከነጭራሹ እርሱት፤ ማቹ ፒቹ ራሱ ክፍት ቢሆንም የእግር መንገዱ ወሩን ሙሉ ለጥገና ይዘጋል።

ፈቃድ ያጣ ሰው ተስፋ ይቁረጥ ማለቴ አይደለም። የሳልካንታይ መንገድ የኢንካ ትሬልን ፈቃድ አይጠይቅም፣ ግን ወደ 4,600 ሜትር ከፍታ ያወጣል። ሰው የማይበዛበት ፍርስራሽ የሚወድ ደግሞ ቾኬኪራውን ይሞክር። ወደ አፑሪማክ ወንዝ ሸለቆ ቁልቁል ወርዶ፣ በማዶው እንደገና ሽቅብ መውጣት አለ፤ በእኔ እይታ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው፤ ግን እዚያ ስትደርሱ የኢንካ ከተማ ውስጥ ከጥቂት ሰዎች ጋር ትቆማላችሁ። ይህ ዛሬ ማቹ ፒቹ ላይ የማይገኝ ነገር ነው።

ስምን በለመዱት መንገድ መሙላት

ይህ በተለይ የእኛ ሰው ችግር ነው። ፎርሙ የቤተሰብ ስም ሲል አንዱ የአባቱን ስም ይጽፋል፣ ሌላው የአያቱን፤ ፀሐይ የሚለውን ስም በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት አድርገን እንደምንጽፈውም ታውቃላችሁ። ፈቃዱ የሚወጣው በስማችሁና በፓስፖርት ቁጥራችሁ ነው። ኪሎ ሜትር 82 በሚባለው መነሻ ላይ የሚቆመው ተቆጣጣሪ ፓስፖርታችሁን ይቀበላል፣ ወረቀቱን አጠገቡ ያደርጋል፣ ስሙን ያነብባል፣ ከዚያ ቁጥሩን፣ ከዚያ ቀና ብሎ ፊታችሁን ያያል። ኮፒ አይቀበልም፣ የስልክ ፎቶም አይቀበልም።

ስለዚህ ፓስፖርታችሁን ከፊታችሁ ዘርግታችሁ፣ እዚያ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ጻፉ። በመሃል ፓስፖርት ያደሳችሁ ወይም ዜግነት የቀየራችሁ ከሆነ ወዲያው ለድርጅቱ ንገሩ፤ ስትሄዱም አሮጌውንም አዲሱንም ያዙ።

«አዲስ አበባ ነው ያደግኩት፣ ከፍታ አይነካኝም»

ይህን አባባል ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝም እሱ ነው።

እውነት የሆነ ነገር አለው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ማቹ ፒቹም 2,430 ሜትር ላይ ነው፤ ስለዚህ ለአዲስ አበባ ልጅ የቦታው አየር እንግዳ አይደለም። ችግሩ እዚያ የሚያደርሰው መንገድ ነው። ጉዞው የሚጀመርባት ኩስኮ ከተማ 3,400 ሜትር ላይ ናት። በሁለተኛው ቀን የምታልፉት ዋርሚዋኙስካ የሚባለው የተራራ በር ደግሞ 4,215 ሜትር ነው፤ የራስ ዳሸን ጫፍ የሚበልጠው በ300 ሜትር ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ነው። አዲስ አበባ ቆይቶ የሄደ ሰው ትንሽ ቅድሚያ ይኖረው ይሆናል። ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ ዓመታት የኖረ ሰው ግን ልጅነቱ አያድነውም፤ ሰውነት ከፍታ የለመደውን ያህል ዝቅ ባለ ቦታ ሲኖር በሳምንታት ውስጥ ይረሳዋል።

ጉልበትም አያድንም። ወጣትና ስፖርተኛ የሆነ ሰውም ይታመማል፣ በተለይ ፈጥኖ ከወጣና ራስ ምታቱን ለማንም ካልተናገረ። ከሊማ ወደ ኩስኮ የሚደረገው በረራ አንድ ሰዓት ተኩል እንኳን አይሞላም፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከባህር ጠለል ተነስታችሁ 3,400 ሜትር ላይ ትወርዳላችሁ። በማግስቱ ጉዞ መጀመር ትልቅ ስህተት ነው። ቢያንስ ሁለት ሦስት ሌሊት ስጡት። ከአውሮፕላን እንደወረዳችሁ በመኪና ወደ ኦሊያንታይታምቦ መውረድም ጥሩ ዘዴ ነው፤ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች እንቅልፍ ይሻላል። ውሃ ጠጡ፣ ለጊዜው መጠጥ ይቅርባችሁ፣ ስለ መድኃኒት ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ።

ቀለል ያለ ራስ ምታትና የምግብ ፍላጎት ማጣት የተለመደ ነው፤ ለአስጎብኚው ተናገሩና አረፍ በሉ። ሰውየው እንደሰከረ ሰው ከተንገዳገደ፣ ንግግሩ ከተምታታ ወይም ቁጭ ብሎ እያለ ትንፋሽ ካጠረው ግን ነገ ይሻለዋል ብሎ ማሳደር የለም። በሌሊትም ቢሆን ወደ ታች ይወርዳል። መንገዱ ላይ መኪና አይገባም፤ የታመመ ሰው የሚወርደው በእግሩ ወይም በሰው ጀርባ ነው።

ርካሹን ድርጅት መምረጥ

በሰሜን ተራሮች የተጓዘ ሰው ጓዙን በቅሎ ሲሸከምለት ለምዷል። እዚህ በቅሎ አይገባም። ድንኳኑ፣ የጋዙ ሲሊንደር፣ ድስቱ፣ ወንበሩ፣ አራት ቀን የምትበሉት ሁሉ የሚጓዘው በሰው ጀርባ ላይ ነው። ተሸካሚዎቹ በአብዛኛው በአካባቢው መንደሮች የሚኖሩ፣ ኬቿ የሚናገሩ ገበሬዎች ናቸው። ከእናንተ ኋላ ተነስተው ይቀድሟችኋል፤ ስትደርሱ ድንኳኑ ተተክሎ ሻዩ ፈልቶ ይጠብቃችኋል።

ሕግ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የተሸካሚዎች ሕግ አንድ ሰው ከ20 ኪሎ በላይ እንዳይሸከም ከለከለ፤ ከዚያ በፊት ከዚህ በጣም የከበደ ጭነት ይሸከሙ ነበር። መነሻው ላይ ሚዛን አለ። ተሸካሚዎቹ ተሰልፈው ጭነታቸውን አንድ በአንድ ሲያስመዝኑ ቆማችሁ እዩ። እግራቸውንም እዩ። አንዱ ቡድን ደህና የተራራ ጫማና የወገብ መደገፊያ ያለው ቦርሳ ይዞ ይመጣል፤ ሌላው በተበጠሰ ሰንደል፣ ሸክሙን በገመድና በጨርቅ ጀርባው ላይ አስሮ። ልዩነቱ እናንተ የከፈላችሁት ዋጋ ውስጥ ነበር። የፈቃዱ፣ የባቡሩና የመግቢያው ወጪ ለሁሉም ድርጅት ያው ነው፤ አንዱ ከሌላው በጣም የሚረክሰው የሚቀንሰው ነገር ስላገኘ ነው፣ የሚቀንሰውም ከተሸካሚው ደመወዝ፣ ምግብና መኝታ ላይ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፦ ተሸካሚዎቹ በቀን ስንት ያገኛሉ? የት ያድራሉ? የዝናብ ልብስና ጫማ ማን ይሰጣቸዋል? ቢጎዱ ማን ያሳክማቸዋል? ጥሩ ድርጅት ይህን ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። የሚሸሽ ከሆነ እናንተም ሽሹት።

ከእናንተ የሚጠበቀው ደግሞ ጓዝ መቀነስ ነው። ብዙ ድርጅቶች ለተሸካሚ የሚሰጠውን ቦርሳ በ7 ኪሎ ይወስናሉ፣ ስሊፒንግ ባጉን ጨምሮ። ተሸካሚ ከኋላ ሲመጣ ወደ ተራራው ግድግዳ ጠጋ ብላችሁ አሳልፉት፤ በገደሉ በኩል አትቁሙ። ጉርሻውንም በፔሩ ገንዘብ በሶል፣ በዝርዝር፣ ከኩስኮ ይዛችሁ ውጡ። የምስጋናው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሦስተኛው ቀን ማታ ነው፤ በአራተኛው ቀን ንጋት ተሸካሚዎቹ ወደ ባቡራቸው ይሮጣሉ፣ ከዚያ በኋላ አታገኟቸውም።

ጾመኛ መሆንን እዚያ ደርሶ መናገር

ፍልሰታ የሚውለው በኦገስት፣ ልክ ጉዞው በሚደራበት ጊዜ ነው። ምግቡ ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን ተሸምቶ ስለሚወጣ በመሃል የሚቀየር ነገር የለም። ስትመዘገቡ ሥጋ አልበላም ብቻ አትበሉ፤ እንቁላል፣ አይብ፣ ቅቤና ወተትም ብላችሁ ጻፉ። ድንቹ፣ ባቄላው፣ በቆሎውና ኪኑዋ የሚባለው እህል የሀገሩ ምግብ ስለሆነ አብሳዮቹ አይቸገሩም። ሥጋው ሐላል እንዲሆንለት የሚፈልግ ሙስሊም ተጓዥም እንዲሁ ቀድሞ ይናገር።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ የማትቀምሱ ግን ሁለተኛውን ቀን አስቡበት። ከጠዋት ጀምሮ 1,200 ሜትር ገደማ ሽቅብ ያለ ውሃ መውጣት አደገኛ ነው። ከንስሐ አባታችሁ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ወይም ቀኑን ቀይሩት።

ለዳገት ብቻ መዘጋጀት

ሁሉም ሰው ስለ ዳገቱ ያወራል። ጉልበት የሚጨርሰው ግን ቁልቁለቱ ነው። በሦስተኛው ቀን ከፉዩፓታማርካ ወደ ዊኛይ ዋይና ስትወርዱ ወደ 1,000 ሜትር የሚጠጋ የድንጋይ ደረጃ አለ፤ አንዳንዱ ደረጃ ጉልበት ድረስ ይደርሳል፣ አንዳንዱ ለተረከዝ እንኳን አይበቃም፣ ደመና ውስጥ ስለሆነ ደግሞ እርጥብ ነው። ቤት እያላችሁ ፎቅ ውረዱ፤ መውጣቱን ብቻ ሳይሆን መውረዱን ተለማመዱ። አዲስ ጫማ ገዝታችሁ በዚያው አትነሱ፤ በመጀመሪያው ቀን እግር ውሃ ከቋጠረ የቀሩት ሦስት ቀናት ሥቃይ ናቸው። ምርኩዝ ያዙ፤ ጫፉ ግን ጎማ ይኑረው፣ ብረቱ የኢንካን ድንጋይ ስለሚፍቅ አይፈቀድም። ሌሊቱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ይወርዳል። ዝናብ ልብስ በደረቁ ወቅትም አይቀርም።

የኮካ ቅጠል ይዞ መመለስ

ኩስኮ ውስጥ በየሆቴሉ የኮካ ሻይ ይቀርባል። ፔሩ ውስጥ ሕጋዊ ነው፣ ሰዉም ከጥንት ጀምሮ ይጠጣዋል። ድንበር ሲሻገር ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ቅጠሉም ሆነ የሻይ ከረጢቱ አሜሪካም ሆነ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ሲገባ እንደ አደንዛዥ ዕፅ ይታያል። ሌላም አለ። አንድ ሁለት ስኒ የጠጣ ሰው ከቀናት በኋላም ቢሆን የሽንት ምርመራው ኮኬይን ሊያሳይ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ የጭነት መኪና የምትነዱ ወንድሞችና እህቶች ይህን ልብ በሉ፤ ድንገተኛ ምርመራ ቢመጣ «ሻይ ነው የጠጣሁት» የሚለው መልስ ተቀባይነት የለውም። ወደ ዱባይ ወይም ሪያድ የምትመለሱም ጭራሽ አትቅመሱት። ዝንጅብል ሻይ በየቦታው አለ።

ዓይንን ማቹ ፒቹ ላይ ብቻ ማድረግ

ይህ የሚያሳዝነኝ ስህተት ነው። አራት ቀን ሙሉ የመጨረሻዋን ፎቶ እያሰበ የሚሄድ ሰው መንገዱ ላይ ያሉትን ከተሞች ሳያይ ያልፋል። ሳያክማርካ በሦስት በኩል ገደል የከበበው ቋጥኝ ላይ የተሠራ ነው፤ የሚወጣበት አንድ ጠባብ የድንጋይ ደረጃ ብቻ ነው፤ በዚህ መንገድ በእግሩ ካልመጣ በቀር ማንም አያየውም። ዊኛይ ዋይና ደግሞ ከመጨረሻው ማደሪያ ጥቂት ደቂቃ ነው። ሰው ደክሞት ድንኳኑ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። እባካችሁ አትቅሩ። የእርሻው እርከኖች የተራራውን ጎን ተከትለው እንደ ጨረቃ ጎብጠው ይወርዳሉ፣ በመካከላቸው ውሃው ከአንዱ የድንጋይ ገንዳ ወደ ሌላው እየፈሰሰ ዛሬም ይሰማል፤ ከ500 ዓመት በፊት የቀደዱለትን መስመር ነው የሚከተለው።

በአራተኛው ቀን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ተነስታችሁ ወደ ኢንቲ ፑንኩ፣ ማቹ ፒቹ ከላይ ወደሚታይበት በር፣ ትሄዳላችሁ። ብዙ ጠዋት ጉም ይሸፍነዋል። ጉሙ እስኪገለጥ የሚጠብቅ ይጠብቅ፤ ዋጋው በዚያች ደቂቃ ብቻ የሚለካ ጉዞ አድርጎ የመጣ ሰው ግን አዝኖ ይወርዳል። ከተማው ውስጥ መዞሪያው በተወሰነ መስመር ስለሆነ ትኬታችሁ የትኛውን መስመር እንደሚያካትት አስቀድማችሁ ጠይቁ። ዋይና ፒቹ የሚባለውን ተራራ መውጣት የፈለገም ለብቻው ትኬት ይቆርጣል። መጸዳጃ ቤት ያለው መግቢያው ላይ ብቻ ነው።

የመመለሻ በረራን አጣብቆ መቁረጥ

ከማቹ ፒቹ ስትወርዱ አጉዋስ ካሊየንቴስ የምትባለው ከተማ ትደርሳላችሁ። ከዚያ ወደ ኦሊያንታይታምቦ ባቡር፣ ከዚያ ወደ ኩስኮ መኪና፤ ኩስኮ ስትገቡ መሽቷል። በማግስቱ ማለዳ ከኩስኮ ተነስቶ፣ ከሊማ ደግሞ ወደ አሜሪካ ወይም አውሮፓ የሚያሻግር ትኬት የቆረጠ ሰው አንዲት መዘግየት ሁሉንም ትበታትንበታለች። በአካባቢው ሰልፍ ሲነሳ ወይም ናዳ ሐዲዱን ሲዘጋው ባቡሩ ጭራሽ የሚቆምበት ጊዜም አለ። ኩስኮ ላይ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ተዉ፤ የሀገር ውስጡንና ዓለም አቀፉን በረራም ከተቻለ በአንድ ትኬት ቁረጡት፤ የመጀመሪያው ቢዘገይ ለሁለተኛው ኃላፊ የሚሆነው አየር መንገዱ ነው።